በከሰል ጫካ የታጠበ እጅ

ቀያሹ በጀርባው ተዘርሯል። ደረቱ ላይ የተቃጠለ ግንድ ተጋድሟል፤ የግንባሩ አጥንት ወደ ውስጥ ገብቷል። ዓይኖቹ አልተከደኑም፤ አመድ አርፎባቸዋል።

መርማሪዋ የሚያማትን ጉልበቷን እያሸች አጠገቡ ተንበረከከች። ባልደረቦቿ «ቁንጥጫ» ይሏታል፤ ትንሽ ነገር ከያዘች አትለቅማ። ዙሪያዋን ቃኘች። ከሦስት ወር በፊት እሳት የበላው ጫካ ነው፤ ዛፉም፣ ድንጋዩም፣ ጉቶውም ጠቁሯል። ወፍ እንኳ ስለሌለ ቅርንጫፍ ቢሰበር ማዶ ይሰማል።

ቁስሉን በነጭ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ቀላ እንጂ አልጠቆረም።

«እህ!» አለች ለራሷ።

ከሬሳው ሁለት እርምጃ ርቆ ግንዱን የሚያህል ቦይ አየች። ቦዩ ውስጥ ፀሐይ ያላየ ቢጫ ሣር ተኝቷል። በመጨረሻ የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ በእሳት የተጣመመ፣ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍንጫ የሾለ ቆርቆሮ አወጣች።

ጠዋት ከሟቹ ጋር ለቀን ሙሉ ጉዞ የተነሡት አራት ሰዎች በጫካ ጠባቂው ቤት ይጠብቋታል፤ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ወዳጁ ንብ አናቢውና መንገድ መሪው። የቤቱ በርሜል ባዶ ነው፤ ፊቱን የታጠበ ሰው የለም። በሩን ስትከፍት ወንድምየው የመሪውን አንገት አንቆ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል።

«ገደልከው! ዛፉን ሳታይ አለፍከው!»

የመሪው ከንፈር ይደማል፤ እጁን ግን አላነሳም።

ቁንጥጫ ጠረጴዛውን በጥፊ መታችው። «ልቀቀው! ለዛሬ አንድ ሬሳ ይበቃኛል።» ከዚያም ወደ መሪው ዞረች። «ንገረኝ፣ ወንድሜ። እንዴት ነው የምትሄዱት?»

«እትዬ፣ እኔ ከፊት ሆኜ የቆመውን ዛፍ ሁሉ በዱላ እመታለሁ። ውስጡ ባዶ ከሆነ በጠመኔ ኤክስ አደርግበታለሁ፤ አትጠጉት ማለት ነው። የቀሩት ሃምሳ ሃምሳ እርምጃ ተራርቀው ይከተሉኛል፤ ዛፍ ቢወድቅ ሁለት ሰው እንዳይበላ።»

«ሟቹስ?»

«መጨረሻ ነበር፤ እየቆመ መሬት ይለካል። ለዕረፍት ስንደርስ ሁሉም ለየጉዳዩ ዞር ዞር አለ። እሱ ሲዘገይ ተመልሼ አገኘሁት።»

«ያ ዛፍ ምልክት የለውም።»

መሪው አንገቱን ደፋ። «ቆሞ እንዳየሁት አላስታውስም። ግን ልጄ በዚህ እሳት ከሞተች ወዲህ ራሴንም አላምነውም።»

«ሰማሽ? አመነ!» አለ ወንድምየው። «እስር ቤት ይበስብስ!»

ቁንጥጫ ሚስትየዋን ወደ ጓዳ ይዛት ገባች።

«ባልሽ ጠላት ነበረው?»

«ጠላቱ ምላሱ ነበር። ያየውን አይደብቅም። ጠዋት ‹ዛሬ እሳቱ የተነሣበትን ቦታ አሳያችኋለሁ› ብሎን ነበር።»

«በዕረፍቱ ላይ ምን አየሽ?»

«ምን አያለሁ? ንብ አናቢው ውሃ አለቀብኝ ብሎ ከእኔ ጠጣ። መሪው ተቆጣው፤ ‹መንገዱን ሳናጋምስ ኮዳ ሙሉ ጨረስክ? ውሃ ለጉሮሮ ብቻ ነው አላልኩም?› ብሎ።»

ቀጥሎ ንብ አናቢው ገባ፤ ፈገግታ የማይለየው ወፍራም ሰው ነው።

«እናቴ፣ እኔ ንብ ብትነድፈኝ እንኳ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ።»

«ውሃ ትወዳለህ አሉ።»

«ይህን ሆድ ተሸክሞ የማይጠማው ማን ነው?»

«ኮዳህን እስቲ።»

ትልቁ የብረት ኮዳ እንደ መስታወት ያበራል፤ የታችኛው ጠርዙ ጎድጉዷል።

«ጠዋት ድንጋይ ላይ ወድቆብኝ ነው» አለ፣ ሳትጠይቀው።

ቁንጥጫ ሁሉንም አንድ ላይ ሰብስባ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ነጭ ወረቀት አደለች። «ያያችሁትን ጻፉልኝ» አለቻቸው። ጽፈው ሲሰጧት አንዱንም ሳታነብ አራቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«መሪው ማንንም አልገደለም» አለች። «ያ ዛፍ ዛሬ አልወደቀም። ሰንብቶ የተጋደመ ነው፤ ከሥሩ ያለው ሣር ፀሐይ አጥቶ ቢጫ ሆኗል። ገዳዩ አንከባሎ ሬሳው ላይ ጫነው። በዚህ ዝም ባለ ጫካ ዛፍ ሲወድቅ የሰማችሁ አላችሁ?»

«አልሰማንም» አሉ።

«ጫካው ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ያጠቁራል፤ ቁስሉ ግን ጥላሸት የለበትም። የተመታው ከእናንተ አንዱ ይዞት በመጣው ነገር ነው።» አራቱንም ቃኘቻቸው። «እስከ ዕረፍቱ ድረስ የተቃጠለ ግንድ ስትሻገሩ ነበር። ከዕረፍቱ ወዲህ ደግሞ የመጣችሁት በጥርጊያው የመኪና መንገድ ነው፤ እዚያ እጅ የሚያጠቁር ነገር የለም። ወረቀቶቹን እዩ።»

ሦስቱ ወረቀቶች ላይ ጥቁር የጣት አሻራ ተርመስምሷል። አራተኛው የሰው እጅ የነካው አይመስልም።

«መሪው ‹ውሃ ለጉሮሮ ብቻ› ይላል። አንድ ሰው ግን እጁን ታጠበ፤ ከጥላሸቱ ጋር ደም ነበረበት። ለዚህ ነው ኮዳው ቶሎ የጎደለው። ሟቹ ሲመታበት ኮዳው ሙሉ ነበር፤ እንደ መዶሻ ይከብዳል።» የሾለውን ቆርቆሮ አስቀመጠችው። «ይህ ምንድን ነው?»

«የንብ ማጨሻ አፍንጫ፤ ቀፎ ሲከፈት ጭሱ የሚወጣበት» አለ ወንድምየው በደከመ ድምፅ።

«ቀያሹ እሳቱ የተነሣበት ቦታ ያገኘው ይህን ነው።»

የንብ አናቢው ፈገግታ ጠፋ። ኮዳውን አንሥቶ በቁንጥጫ ራስ ላይ ሊወረውር ሲል፣ የመሪው ዱላ ክንዱ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ቀጭ! ብሎ ተሰበረ። ወፍራሙ ሰው ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

«ነፋሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ፍሙን አጥፍቼ የሄድኩ መስሎኝ! ዝም በለኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አለ!»

«ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር» አለ መሪው። ዱላውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ።

ወንድምየው ከመንገዱ ዞር አለለት።

«ወንድሜ» አለች ቁንጥጫ በቀስታ። «ጠዋት ያላደረግከውን አሁን አታድርገው። ነፃ ሰው ነህ ብዬ ልጽፍ ነው።»

ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ። መሪው ተንበርክኮ ከኪሱ ጠመኔውን አወጣ፤ በሚያቃስተው ሰው ደረት ላይ፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ትልቅ ነጭ ኤክስ አሰመረበት።