ሁለተኛው ምግብ ቤት

ዋና ሳጅን ብርሀንነሽ ዓርብ ጠዋት ተጠርታ ሆስፒታል ስትደርስ ልጅቷ በነጭ አንሶላ ተሸፍና ነበር። ገለጥ አድርጋ አየቻት። ፈርሂያ ትባላለች፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ብርሀንነሽ ሐዘኑ እንዲመጣ ትንሽ ጠበቀች። አልመጣም። አምና ታናሽ እህቷ ከጅዳ በሣጥን ከመጣች ወዲህ ምንም ነገር ልቧ ድረስ አይዘልቅም። ዓይኗ ግን እንደ ድሮው ያያል፤ ጆሮዋም ይሰማል።

«መርዝ ነው» አላት ተረኛው ሐኪም። «የተባይ ማጥፊያ ይመስለኛል፤ ቁርጡን ደሴ የላክነው ናሙና ይነግረናል። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አመጧት፤ አምስት ሰዓት ላይ አረፈች።»

«ከቀመሰችው በኋላ እስኪያማት ምን ያህል ይቆያል?»

«ግማሽ ሰዓት፤ ቢበዛ አንድ ሰዓት። ምን እንደወሰደች የሚነግረን ሰው ቢኖር ኖሮ ማርከሻ መድኃኒቱን ወዲያው እንጀምርላት ነበር። ያመጧት ጎረቤቶች የሚያውቁት ምሳ ውጭ መብላቷን ብቻ ነው። እኛ እስክንለየው ጊዜው አለፈ።»

የመካነ ሰላም ከተማ ግን ውጤት አልጠበቀችም። ሐሙስ ዕለት የባዮሎጂ መምህርቷ ትህትና ተማሪዎቿን በቡድን በቡድን ከፍላ ወደ ምግብ ቤቶች ልካ ነበር። አብዛኞቹ ከከላላና ከወግዲ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ፣ ውጭ የሚበሉ ልጆች ናቸው፤ ንጹሕ ቤት መርጠው መግባት እንዲያውቁ ብላ ነው። ለያንዳንዱ ቡድን ሁለት ቤት፣ ለያንዳንዱ ተማሪም፣ ለአንድ ቤት አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ ቅጽ ደረሰው። ለፈርሂያ ቡድን የደረሱት ገበያው ጥግ ያለችው የእትዬ ሐረግ ሽሮ ቤትና አዲሱ የጀብሪል ሆቴል ነበሩ። የሐረግ ቤት ግድግዳዋ ጭቃ፣ በሯ ቆርቆሮ ነው። ዓርብ ረፋድ ላይ ወጣቶች በሩን ገነጠሉት፤ ሐረግንም ፖሊስ ከወጣቶቹ መሃል አውጥቶ ጣቢያ አስገባቸው።

ብርሀንነሽ ሐረግን ያገኘቻቸው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው ተቀምጠው ነው።

«ምን አቀረቡላቸው?»

«ሽሮ ነዋ፣ ልጄ። ሌላ ምን አለኝ? እየተንተከተከ ነው ያወጣሁላቸው። አራቱም በአንድ ትሪ ቀረቡ።»

«ፈርሂያ ስትጎርስ አይተዋታል?»

«እኔማ ጓዳ ነበርሁ። ትሪው ግን ተጠርጎ ነው የተመለሰ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«የሰባት ሰዓት ደወል ሲደወል ገቡ።»

ብርሀንነሽ ሰዓቱን ጻፈች። ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው።

ትህትና መምህራን ክፍል ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከፊቷ የቅጽ ክምር አለ። አላለቀሰችም፤ እንዳልተኛች ግን ያስታውቃል።

«እኔ ነኝ የላክኋት» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«ወደ ሁለቱም ቤት ነው የላክሻት?»

«ወደ ሐረግ ቤት ብቻ። ለሆቴሉ ራሴ ቀድሜ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼው ስለነበር፣ ‹እዚያ አትድከሙ› አልኳቸው።»

«ማእድ ቤቱን አይተሽ ነው ሙሉ የሰጠሽው?»

«ሳሎኑን ነው ያየሁት። ወለሉ ፊት ያሳያል። ባለቤቱም ወንበር ስቦ በአክብሮት አስተናገደኝ…»

ብርሀንነሽ የአራቱን ልጆች ቅጽ አንድ ላይ ዘረጋች። የፈርሂያ ጽሑፍ ከሁሉም ይጠራል፤ የእጅ መታጠቢያውን፣ የውሃውን ክዳን፣ የዝንቡን ብዛት ሳይቀር ሞልታዋለች። «ምግቡ ሲቀመስ ትኩስ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ፊት ለፊት ግን ምንም የለም። ሦስቱ ልጆች «አዎ» ብለዋል። ደግሞም ሦስቱ ሁለተኛውን ገጽ ባዶውን መልሰዋል፤ የፈርሂያ ሁለተኛ ገጽ ከነጭራሹ የለም።

ከዚያ ወደ ሆቴሉ ሄደች። ጀብሪል አሥራ ሁለት ዓመት በዓረብ አገር ሠርቶ የተመለሰ፣ አለባበሱ የጸዳ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ሰው ነው።

«አላህ ይርሐማት» አለ አንገቱን እየነቀነቀ። «ምስኪን፣ ፆመኛ ልጅ! እንዲያ ያለ ቆሻሻ ቤት ገብታ ትቅር?»

«እናንተ ዘንድ አልመጣችም?»

«ኧረ እሷ እዚህ እግሯም አልረገጠ።»

ማእድ ቤቱን እንድታይ ጠየቀችው። ጥቂት አመነታና በሩን ከፈተ። መደርደሪያው ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ተሰልፈዋል፤ በጨው፣ በስኳርና በፉርኖ ዱቄት የተሞሉ ናቸው። ከፉርኖ ዱቄቱ አጠገብ፣ በተጋገረው የቅባት አቧራ መሃል፣ አንድ የቆርቆሮ ቂጥ የሚያህል ንጹሕ ክብ ይታያል። ከጓሮ በኩል ባለው መጋዘን ስንዴ በጆንያ ተከምሯል።

«አብሳይዋ የት ናት?»

«ሉሊት? እናቷ ታመውባት ዛሬ በጠዋት ወግዲ ሄዳለች።»

ብርሀንነሽ አመስግና ወጣች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሀዲያ ዘንድ ሄደች፤ የፈርሂያ ጓደኛ ናት፤ አንድ ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖሩ ነበር። የፈርሂያ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ሀዲያ ዓይኗ ደርቋል፤ ስታወራም የራሷ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማት ትመስላለች።

«ሐረግ ቤት አብራችሁ በላችሁ?»

«አዎ።»

«እሷም?»

ሀዲያ ወደ ተጠቀለለው ፍራሽ ዞረች።

«ሀዲያ፣ እትዬ ሐረግ ታስረዋል። በራቸው ተገንጥሏል።»

«አልበላችም» አለች ልጅቷ በመጨረሻ። «ሐሙስ ሐሙስ ትፆማለች። ቲቸር ‹ሁላችሁም ቅመሱ› ስላለች፣ ነጥብ እንዳይቀነስባት የእሷን ድርሻ እኔ በላሁላት።»

«አላመመሽም?»

«ምንም።»

«መፆሟን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ከኔ በቀር ማንም። እናቷ ሪያድ ናት፤ ‹ትከሺብኛለሽ› እያለች ስለምትቆጣት ለሷ እንኳ አትነግራትም።»

«ከዚያ ወዴት ሄደች?»

«አመሻሽ ላይ፣ ዐስር ሶላት ሰግዳ፣ ሁለተኛውን ገጽ ይዛ ወጣች። ‹ሳላይ ሙሉ ነጥብ አልሞላም› አለችኝ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ነበርሁ። ስመለስ ጎረቤቶች እያስመለሳት ሆስፒታል እንደወሰዷት ነገሩኝ።»

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ብርሀንነሽ ሁሉንም ትህትና የምታስተምርበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሐረግ ከፊት ተቀመጡ፤ ሀዲያ አጠገባቸው። ትህትና ሰሌዳውን ተደግፋ ቆመች። ጀብሪል እጁን አጣጥፎ መስኮቱ ሥር ነው። ሉሊትን ያን ዕለት ጠዋት ፖሊሶች ከወግዲ አምጥተዋታል፤ ፊቷ ገርጥቷል፣ ድምጿም ተዘግቷል።

«ከደሴ ውጤት መጥቷል» አለች ብርሀንነሽ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «ልጅቷን የገደላት ለእህል ነቀዝ የሚነሰነስ ዱቄት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሳምማል። እትዬ ሐረግ ቤት የገቡት ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ ያመማት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ። ይህ አንድ። ሁለተኛ፣ ፈርሂያ እዚያ አልበላችም። ፆመኛ ነበረች፤ ለዚህ ነው የጣዕሙን ጥያቄ ዘልላ የሄደችው። ድርሻዋን የበላችላት ሀዲያ ይቺው በጤናዋ አለች።»

ሐረግ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እንግዲህ መጀመሪያ አፏን ያሟሸችው በመግሪብ አዛን፣ ፆም በሚፈታበት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የት? ሁለተኛውን ገጽ ይዛ የወጣች ልጅ የምትሄደው ወደ ሁለተኛው ምግብ ቤት ነው።»

«ማስረጃ የሌለው ነገር ነው» አለ ጀብሪል።

«አቶ ጀብሪል፣ ዓርብ ዕለት ‹ፆመኛ ልጅ› ብለኸኝ ነበር።»

«ብልስ?»

«መፆሟን ሀዲያ ብቻ ነበር የምታውቀው። እናቷም አታውቅም። አንተ ከየት አወቅህ? ደግሞስ ፆመኛ መሆኗን የሚያውቅ ሰው፣ በቀትር ሽሮ በልታ ሞተች ብሎ እንዴት ያምናል? ያወቅኸው አዛን ስትጠብቅ ስላየሃት ነው።»

ጀብሪል ከንፈሩን ነከሰ።

«መደርደሪያህ ላይ ከፉርኖ ዱቄቱ ጎን አንድ ቆርቆሮ ጎድሏል። መጋዘንህ ስንዴ አለ። ስንዴ ያለው ሰው የነቀዝ መድኃኒት አያጣም። አብሳይህም ልጅቷ በሞተች ማግሥት አገር ለቀቀች።» ወደ ሉሊት ዞረች። «እናትሽ ደኅና ናቸው፤ ፖሊሶቹ ሲያመጡሽ ውሃ ሲቀዱ አይተዋቸዋል። የታመምሽው አንቺ ነሽ።»

ሉሊት ከጡቷ ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። የፈርሂያ ሁለተኛ ገጽ ነበር።

«ማእድ ቤቱን ልይ አለችኝ» አለች በተዘጋ ድምጿ። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ነገ ነይ አልኳት። ጋሼ ጀብሪል ግን ፆመኛ መሆኗን ሲሰማ ‹ሾርባ ስጧት፣ አጅሩ፣ ምንዳው ለኔ ነው› አለ። ሾርባው ቀጠነብኝ፤ ፉርኖ ዱቄት መስሎኝ ከቆርቆሮው ጨመርሁ። መድኃኒቱን እዚያ ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ሳህን ለሷ ወሰድሁ። ኋላ አንድ ማንኪያ ቀመስሁና ምላሴን ሲያቃጥለኝ ተፋሁት፤ ቀሪውን ደፋነው። እሷ ግን ጨርሳ፣ ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ረስታ ሄዳ ነበር።»

«ለጀብሪል መቼ ነገርሽው?»

«ያኔውኑ። ቆርቆሮውን አይቶ ክው አለ። እኔም ያስመልሰኝ ጀመር። ሆስፒታል ሄደን እንናገር ስለው፣ ‹ትንሽ ናት፣ አይጎዳትም፤ ሆቴሉን ታዘጊዋለሽ› አለኝ። እኔም ዝም አልሁ።»

«የቆርቆሮው ነገር ስሕተት ነው» አለች ብርሀንነሽ። «ሾርባውም እንደዚያው። ፈርሂያ ግን እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበረች። ሐኪሙ ምን እንደወሰደች የሚነግረው አንድ ሰው ፈልጎ አጣ። አንተ ሆቴልህ ውስጥ ተቀምጠህ ሰው ሁሉ ወደ ሐረግ ቤት እንዲያይ ታወራ ነበር። በዚያ ምሽት ሆቴልህ የተስተናገደ አንድ እንግዳ ይህን ከአፍህ መስማቱን ፈርሞልኛል።»

«አሥራ ሁለት ዓመት…» ብሎ ጀመረና ጀብሪል ሳይጨርሰው ተወው። ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው አልታገለም። ሉሊትም ተከትላ ወጣች።

ትህትና ወረቀቱን አነሳችው። «ማእድ ቤቱን ማየት ይቻላል?» ከሚለው ፊት ለፊት በዚያው ጥርት ባለ ጽሑፍ «አልተፈቀደም» ተብሏል። አነበበችውና ሐረግ ፊት ሄዳ ቆመች። ሐረግ እጇን ያዙላት። «በሩን ማን ይሠራልኛል፣ ልጄ?» አሉ ብቻ። «እኛ» አለች ትህትና።

ሀዲያ ከወንበሯ አልተነሳችም። «መጀመሪያውኑ ብናገርስ ኖሮ?» አለች።

«አንቺ ፆሟን ነው የደበቅሽው፤ መርዙን አይደለም። ብትናገሪም አትተርፍም ነበር። እትዬ ሐረግ ግን ሦስት ቀን ባልታሰሩ።» ብርሀንነሽ ይህን ሳታለሳልስ ነገረቻት። ልጅቷም እውነት በመሆኑ ይሆናል፣ አንገቷን ነቀነቀች። «እህል ከቀመስሽ ስንት ቀንሽ ነው?»

«እንጃ።»

መናኸሪያው አጠገብ ወዳለች ትንሽ ምግብ ቤት ይዛት ሄደች። ሀዲያ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ የምግብ ቤቷን ባለቤት ጠይቃ ወደ ጓዳ ዘለቀች። ብርሀንነሽ ከውጭ ሆና ክዳን ሲከፈትና ሲገጠም ሰማች። ልጅቷ ብዙ ቆይታ ወጣችና እጇን ታጥባ ተቀመጠች።

ምስር ቀረበላቸው፤ ይተናል። ሀዲያ ለረጅም ጊዜ አየችው። ቆርሳ አጠቀሰች፤ ወደ አፏም ሳታደርሰው መለሰችው። ብርሀንነሽ ቀድማት ጎረሰች። ጨው ይኑረው አይኑረው አልታወቃትም፤ አላምጣ ዋጠችና ልጅቷ እንድታያት እጇን ትሪው ላይ አድርጋ ጠበቀች።

ሀዲያ ጎረሰች።