ታድጊበታለሽ

ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት ልብስ ሰፊ ልጁን በአንድ ክንዱ ታቅፎ፣ በሌላው ጨርቅ እየገፋ ነበር ያሳደጋት። ልጅቷ ከስፌት መኪናው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ካርቶን ውስጥ ትተኛለች፤ የፔዳሉ ድምፅ እሹሩሩ ሆኖላት አደገች። እናት የሌላትን ልጅ ብርድ እንዳይመታት፣ ሰው እንዳይንቃት፣ ሆድ እንዳይብሳት... አንድ መርፌ ስንቱን ይጥቀመው?

ይሁንና አባት አንድ አመል ነበረው። ልብሷን ሁሉ አስፍቶና አስረዝሞ፣ ከግርጌው ወፍራም ቅምቅማት አጥፎ ይሰፋና "ታድጊበታለሽ" ይላታል። ታድጋለችም፤ ልብሱ ግን ሁልጊዜ ይቀድማታል። የትምህርት ቤት ልጆች "ድንኳን" አሏት። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር "ኧረ ካስማዋን ያዙላት" ይባባላሉ። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ቤት ስትገባ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። አባት ደክሟት ይመስለው ነበር።

ሥራ እንደያዘች አዲስ ቀሚስ ሰፋላት። ለካችው። እንደ ልማዱ ሰፊ ነው። አወለቀችና አጣጥፋ መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

"አባዬ፣ አንተ እኮ የምትሰፋው ለእኔ አይደለም። ገና ላልመጣች ልጅ ነው።"

ይህን ብላ ከከተማው ማዶ ክፍል ተከራይታ ወጣች። ሁለቱም ኩሩ ነበሩና ማን ቀድሞ ይምጣ? ዓመታት አለፉ፤ ያባት ዓይን ሞራ ሸፈነው፤ በመርፌው ክር ጎረቤት ይሰካለት ጀመር። ትታው የሄደችው ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ግን ከመኪናው በላይ ከተሰቀለበት ሚስማር አልወረደም።

አንድ ቀን የልጅቷ አክስት መጥታ ልጁ ልታገባ መሆኑን ነገረችው። ፊቱ በራ። የሰርጓን ቀሚስ እሱ ሊሰፋ፣ ያውም በዚህ ጊዜ ቅንጣት ትርፍ ሳይተው በልኳ ሊሰፋ ማለ። አክስቲቱ ልኳን ላምጣልህ ብትለው ተቆጣ፤ የገዛ ልጁን ወገብ ከሰው ይጠይቅ?

ልጅቷ ያባቷን መሐላ ከአክስቷ ሰምታ በሰርጉ ዋዜማ መጣች። ከመጋረጃው ጀርባ ነጩን ቀሚስ ለበሰች። ዚፑ ከወገቧ አላልፍ አለ። አባት ቀርቦ ክፍተቱን በጣቶቹ ዳሰሰ... የሰፋው ለካ ያን ጊዜ ከቤቱ ለወጣችው ቀጭን ልጅ ኖሯል! በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

"አንዴ እንኳ ልክሽን ልስፋ ብዬ ነበር፣ ልጄ።"

ልጅቷ ሰማያዊውን ቀሚስ ከሚስማሩ አውርዳ ቅምቅማቱን በመቀስ ጫፍ መተርተር ያዘች። ቀሚሱ በፀሐይ ነጥቷል፤ እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ጨርቅ ግን ገና ከጣቃው እንደተቆረጠ ያበራ ነበር። ቆርጣ በነጩ ቀሚስ በሁለቱ ጎኖች ለካችው። ይበቃል።

"ይኸው አባዬ፤ አድጌበታለሁ።"

በመርፌው ክር ሰክታ ሰጠችው። እያለቀሰም እየሳቀም ሰፋ። እንባው ክሩን አረጠበው፣ እሷም "ቀስ በል፣ ሳልለብሰው አጠብከው" አለችው። የትምህርት ቤት ልጆች "ድንኳን" ይሏት እንደነበርም ያኔ አጫወተችው።

በማግስቱ ሴቶቹ ሁሉ ስለ ሰማያዊው ጎን ጠየቁ፤ አዲስ ፋሽን የመሰላቸውም ነበሩ። አባት ደረቱን ነፍቶ የድንኳን ማስፊያ ነው አላቸው፤ ከሁሉ አስቀድማ የሳቀችው ሙሽራዪቱ ነበረች።

ወላጅ አንዴ ገና ላልመጣው ልጅ፣ አንዴም ለሄደው ልጅ ይሰፋል፤ ፊቱ የቆመውን ለመለካት ስንቱ ነው የታደለ? ቢሆንም ፈጣሪ ደግ ነው። በፍቅር የታጠፈ ነገር አይጠፋም... ቀኑ ሲደርስ አዲስ እንደሆነ ይፈታል።