ማንም ያልጻፈው ምክር

ልብስ ሰፊዋ የሞቱት ከስፌት መኪናቸው አጠገብ፣ ያልጨረሱትን የሙሽራ ቀሚስ ጭናቸው ላይ እንደያዙ ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ ጎረቤታቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ የሟች ልጅ ከላይዋ ቆማ ትጮህባታለች።

«ገዳይዋ ይቺ ናት! ቅጠል አፍልታ ያጠጣቻት እሷ ናት! በአጥር ነገር ከተኳረፉ ቆይተዋል!»

«ቀስ በይ እህቴ፤ ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» አለች መርማሪዋ። ጎንበስ ብላ የጎረቤቲቱን ፊት አየች። ከንፈሯ ነጥቷል። «አንቺንም አሞሻል?»

«መብረዱን ለማየት ቀመስ አድርጌው ነበር፤ ይኸው እስካሁን ያስመልሰኛል። እትዬ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ስልካቸውን አሳዩኝ፤ ‹ሐኪም የጻፈው ነው› አሉኝ። ቅጠሉንም ራሳቸው ከግቢ ቆርጠው ሰጡኝ። እኔ ምን ላውቅ!»

መርማሪዋ መጀመሪያ ጎረቤቲቱን ወደ ሕክምና ላከቻት። ከዚያ የሟችን ስልክ ከፈተች። ስለ ጉልበት ሕመም የሚመክር ጽሑፍ አገኘች፤ አናቱ ላይ ባለው ፎቶ ሽበታም ሐኪም ፈገግ ብሏል፤ ከሥሩ ሮዝ ቀለም አበባ ያለው ተክል ፎቶ አለ። ደውላ አጣራች። በዚያ ስም የተመዘገበ ሐኪም የለም፤ ይሠራበታል የተባለው ሆስፒታልም የለም። ፎቶውን አጉልታ አየችው። ወደ ግቢ ወጥታ ተክሉ ፊት ቆመች። ክፉ ሰው ብታገኝ ይቀላት ነበር።

ምርመራው ቅጠሉ መርዝ መሆኑን ሲያረጋግጥ ልጅቷን፣ እዚያው ቤት የሚኖረውን ባሏንና ከሕመሟ ያገገመችውን ጎረቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«መርዝ የሚያጠጣ ሰው ራሱ አይቀምስም፤ ጎረቤታችሁ ንጹሕ ናት። እትዬን የገደላቸው ይህ ጽሑፍ ነው። ሐኪሙ ኖሮ አያውቅም፤ ፊቱንም የሠራው ማሽን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ተክሉ ግን እውነተኛ ነው። ከጀርባው ሰማያዊ የመስኮት ብረት ይታያል፤ አንዱ ዘንግ ተጣሟል። መስኮቱ የዚህ ቤት ነው። እትዬም ያመኑት የገዛ ደጃቸውን ተክል ስላዩ ነው።» ወደ አማቹ ዞረች። «ወንድሜ፣ ጓዳ ባየሁት ኮምፒውተር ላይ የምትሠራው ምንድን ነው?»

ሰውየው ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ድረ ገጽ» አለ። «ርዕስ እሰጠዋለሁ፣ ማሽኑ ይጽፋል፤ ማስታወቂያ ይወጣበታል፣ ይከፈለኛል። ፎቶ ሲጎድለኝ ያንን ተክል አነሳሁት፤ ስሙን እንኳ አላውቀውም። እኔ አልጻፍኩትም። አላነበብኩትምም።»

«እሳቸው አነበቡት» አለች መርማሪዋ በዝግታ።

ጎረቤቲቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ ባሏን እንደ እንግዳ ሰው አየችው።

«እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስንት አለ?» አለችው።

«አላውቅም።»

ልጅቷ ጓዳ ገብታ ኮምፒውተሩን አመጣችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼኔ የሌላ ሰው እናት እያነበበች ይሆናል። አጥፋው። ከማጥፋትህ በፊት ግን እያንዳንዱን አንብብልኝ።»

የመጀመሪያውን ከፈተ። ሁለት መስመር እንዳነበበ ማንበቡን አቆመ። ልጅቷ ከጎኑ ተቀመጠችና ከቆመበት ቀጠለች።