ከማዶው ሕንፃ የሚያወሩ እጆች

ይህን የምጽፍላችሁ ቦንቱ ፈቅዳልኝ ነው። የኮሌጁን ስም ብቻ እንዳልጠራ አስምላኛለች።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሆነው።

ኮሌጁ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ይላል። የሸማ ሱቆቹን አልፋችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ታገኙታላችሁ።

ቦንቱ ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ዓይን አፋር ናት። ድራማ ክበብ ገብታ ገና በመጀመሪያው ልምምድ ድምጿ ጠፋ፤ በዚያው ወጣች። የምልክት ቋንቋ ክበብ የገባችው የክፍሏ ልጅ ሀያም ጎትታ ስለወሰደቻት ነው። ሀያም የክበቡ ሰብሳቢ ነበረች።

እዚያስ ተዋጣላት። በአፏ የማትደፍረውን ሁሉ በእጇ ስትናገረው ራሷንም ይገርማት ነበር።

የሚያስተምሯቸው መምህር ታረቀኝ ይባላሉ። መስማት የተሳናቸው፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚነቀነቅ ሰው ናቸው።

ክበቡ ረቡዕና ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። አራተኛ ፎቅ፣ መጨረሻው ክፍል። ሰኔ ላይ የክበባት ቀን ስለነበረ አንድ ዘፈን በምልክት እንዲያቀርቡ ተወሰነ። መሪዋ ቦንቱ ሆነች። ስለዚህ ቁልፉን ከሀያም እየተቀበለች ግማሽ ሰዓት ቀድማ ትገባለች። መስኮቱ ፊት ቆማ ብቻዋን ትለማመዳለች።

ከመስኮቱ ወዲያ ገደል አለ። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ተጀምሮ የቀረ ሕንፃ። ምሰሶና ወለል ብቻ... ግድግዳ የለው፣ በር የለው።

የግንቦት መጀመሪያ ረቡዕ ነበር።

የሕንፃው ሦስተኛ ወለል ላይ ሰው ቆሟል። ግራጫ ካፖርት ለብሷል። እጆቹ ይንቀሳቀሳሉ።

የቀን ሠራተኛ ይሆናል፣ ጓደኛውን እየጠራ ነው ብላ ልምምዷን ቀጠለች።

ከዚያ ግን እጁን ልብ ብላ አየችው...

«ሰላም» እያለ ነው።

ደስ አላት። ከመምህር ታረቀኝና ከክበቡ ልጆች ሌላ በምልክት የሚያወራ ሰው አጋጥሟት አያውቅም። እሷም ሰላም አለችው። ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ ስም ጠየቀ። በጣት ፊደል «ቦ» ብላ ጀመረች።

ሳትጨርስ እሱ ጨረሰው።

ቦንቱ።

ገምቶ ነው አለች። ግን በ«ቦ» የሚጀምር ስም ስንት አለ...

ዓርብም ነበረ። በሚቀጥለው ረቡዕም። ያው ካፖርት፣ ያው ምሰሶ ሥር።

እዚያ ትሠራለህ ወይ ስትለው «ረቡዕና ዓርብ» አለ። መስማት አትችልም ወይ ስትለው ሳቀ። ጥያቄና መልሱ አልገጥም አላት። የእኔ ምልክት ገና ስላልጠራ ነው ብላ በራሷ አሳበበች።

አንድ ዓርብ ወሬ ላይ እንዳሉ ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው። በአንድ እጇ ስልኩን ያዘች፣ ሌላውን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። እያወራች ወደ ማዶ አየች።

ሰውየው አላቆመም።

ራሱን ይነቀንቃል... ይጠይቃል... ቆም ብሎ ይጠብቃል... ይመልሳል።

እጇ እኮ ኪሷ ውስጥ ነው።

ስልኩን ዘጋች። ጣቱን ወደ እሷ ቀሰረ። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ አቆመ። ብቻሽን ነሽ? ማለቱ ነው።

አዎ አለችው።

ሰኞ ዕለት ለሀያም ነገረቻት። ሀያም ነገሩን በቀልድ ያዘችው፤ የወደደሽን ሰውዬ እንየው ብላ ከትምህርት በኋላ ይዛት ወረደች። ገደሉን ወርደው ከሥሩ ያለውን ጅረት በድንጋይ ተሻግረው በተገነጠለው ቆርቆሮ አጥር ገቡ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። የሰው ዱካ የሚባል የለም።

ከሥር ሆነው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

ደረጃ የለውም። ደረጃ ሊሠራበት የታሰበው ቦታ ከታች እስከ ላይ ባዶ ቀዳዳ ነው። መወጣጫ እንጨት እንኳ አልቀረም።

ሀያም ቀልዷን ተወች።

«ቦንቱ... በምን ወጣ?» አለች በሹክሹክታ።

ረቡዕ ቦንቱ ብቻዋን አልገባችም። መምህር ታረቀኝን ቀድመው እንዲመጡላት ለመነቻቸው። ከማዶ የሚያናግራት ሰው እንዳለና አነጋገሩ እንደማይገባት ነገረቻቸው። ደስ ብሏቸው መጡ። ምናልባት የማውቀው ሰው ነው አሏት።

ጎን ለጎን መስኮቱ ላይ ቆሙ። ሰውየው እዚያው ነበረ። እጆቹ መንቀሳቀስ ጀምረዋል።

መምህር ታረቀኝ ፈገግ እንዳሉ አዩት። ቆይተው ፈገግታቸው ጠፋ። ቦንቱ ሰላም ልትለው እጇን ስታነሳ ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቿን ለቀም አድርገው ያዙ።

በምልክት ሊነግሯት አልፈለጉም። ደብተሯን ስበው ከመስኮቱ በታች ዝቅ አድርገው ጻፉ።

«እጅሽን አታንሺ።»

ከሥሩ ደግሞ...

«የሚያወራው ካንቺ ጋር አይደለም። የሚጠቁመው አንቺን ነው። የሚያየው ግን ከኋላሽ ነው።»

ቦንቱ ይህን ስትነግረኝ በእጇ አሳየችኝ። በምልክት ቋንቋ አንቺም እሷም አንድ ጣት ናቸው። የሚለያቸው የተናጋሪው ዓይን ነው። በዚያ ርቀት እሷ የዓይኑን አቅጣጫ አልለየችም፤ የለመደው የመምህሩ ዓይን ግን ለየው።

ብቻሽን ነሽ? አላላትም ነበር። ብቻዋን ናት? ብሎ ነው የጠየቀው።

ሌላ ሰውን።

እሷ ደግሞ አዎ አለች...

«አሁን ምን እያለ ነው?» አለች። እንደማይሰሙ እንኳ ረስታ ነበር። መምህሩ ከንፈሯን አነበቡ። እንደገና ጻፉ።

«ሽማግሌው ማነው እያለ ነው። እኔን ነው።»

ክፍሉ ባዶ ነው። ከኋላቸው የተደረደሩ ወንበሮች ብቻ ናቸው ያሉት። ቦንቱ አልዞረችም። መዞር አልቻለችም።

መምህር ታረቀኝ ግን ዞሩ።

ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ አልነገሯትም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ ትከሻዋን አቅፈው፣ ፊቷን በደረታቸው ሸፍነው በግድግዳው ጥግ ይዘዋት ወጡ። በሩን ቆለፉ። አራቱን ፎቅ ሲወርዱ አንድ ጊዜ እንኳ እጃቸውን ለምልክት አላነሱም።

ግቢው ውስጥ ሀያምና ሌሎቹ እየመጡ ነበር። መምህሩ የዛሬው ስብሰባ እንደቀረ፣ ከእንግዲህም ቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ባለው የምድር ቤት ክፍል እንደሚገናኙ በወረቀት ጽፈው ለሀያም ሰጧት። ለቦንቱ ደግሞ ቤቷ እስክትገባ ከሰው መሐል እንዳትወጣ ጻፉላት።

ሀያም እስከ ፒያሳ ሸኘቻት። የጳውሎስ ታክሲ እስክትገባም ቆማ ጠበቀች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ቦንቱ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ሁለት ሰዎች መሐል ተጣብባ ተቀመጠች። የሰው ሙቀት፣ የሬዲዮ ድምፅ፣ የረዳቱ ጩኸት... ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰ። አለፈ አለች በልቧ።

ከፊቷ ያለችው ሴት ሕፃን ልጅ ታቅፋለች። ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። በእናቷ ትከሻ ላይ አገጯን አስደግፋ ወደ ኋላ ታያለች። ቦንቱ ፈገግ አለችላት።

ሕፃኗ ግን ቦንቱን አላየቻትም።

ከቦንቱ ራስ በላይ ነው የምታየው።

ከቦንቱ ኋላ የታክሲው መስታወት ብቻ ነው ያለው።

ሕፃኗ አፏን ከፍታ ትኩር ብላ አየች። ትልቅ ሰው የሚያደርገውን እንደምትኮርጅ ልጅ... ቀስ ብላ... ትንሿን ጣቷን ቀሰረች።

ቦንቱ ላይ።

ከዚያ ሁለቱን መዳፎቿን ጫፍ ለጫፍ አጋጥማ ጣሪያ ሠራች።

ቤት።

ረዳቱ ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ወራጅ እንዳለ ጠየቀ። የቦንቱ መውረጃ ነው። «ወራጅ» አላለችም። ታክሲው አለፈ።

ሕፃኗ አሁንም ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። እንደገባው ሰው ራሷን ነቀነቀች። ሳቀችም።

ከዚያ ትንሿን ጡጫዋን ጨብጣ አየሩን አንኳኳች...

አንዴ...

ሁለቴ...