ኮረሪማ የጠጣ ሻይ

የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት በፌርፋክስ መንገድ ላይ የእትዬ ሠናይትን የቅመም ሱቅ የሚያውቅ ሁሉ ሶሊያናን ያውቃል፤ ሶሊያናን የሚያውቅ ደግሞ ምላሷን ያውቃል። በርበሬ ስትመዝን ሚዛኗን የተጠራጠረ ሰው አንዴ ይጠራጠራል እንጂ ሁለተኛ አይለምደውም።

ሱቁ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ የራሷ የሆነች አንዲት መደርደሪያ አለቻት። እዚያ ላይ በወረቀት የተጠቀለሉ፣ የሰሃን ስፋት ያላቸው ጥፍጥፎች ተደርድረዋል። ፑ-ኤር ይባላል፤ ቻይና ውስጥ ዩናን ከሚባል አገር የሚመጣ፣ ቅጠሉ ተብላልቶና ተጠፍጥፎ የሚቀመጥ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚጣፍጥ ሻይ ነው። እትዬ ሠናይት ግን «ያ ኩበትሽ» ነው የሚሉት።

ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። በዕረፍት ቀኗ ሳን ጋብሪኤል ድረስ ድራይቭ እያደረገች፣ ሚስ ሊን ከሚባሉ አሮጊት የሻይ ነጋዴ ፊት ትቀመጥ ነበር። የሁለቱም እንግሊዝኛ አጭር ስለነበር አብዛኛውን የተማረችው አይታና ቀምሳ፣ ተሳስታም ነው።

ዮአብ የመጣው ለእናቱ ሚጥሚጣ ሊገዛ ነበር። ቶራንስ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ የሚሠራ፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ሶሊያና ሻይ እየቀዳች ነበርና ሚጥሚጣውን ረስቶ ቆመ።

«ዝናብ የመታው አሮጌ ቤት ይሸታል» አለ።

ቀና ብላ አየችው። ሌላው ሰው «አፈር አፈር ይላል» ብሎ ፊቱን ነበር የሚያጨማድደው።

«ቁጭ በል» አለችው።

የመጀመሪያውን ውሃ ቅጠሉ ላይ አድርጋ ወዲያው ስትደፋው የዮአብ ዓይን አብሮ ወረደ።

«ምነው ደፋሽው?»

«የመጀመሪያው ቅጠሉን ለማጠብ ነው፤ አይጠጣም። የወንድ ልጅ የመጀመሪያ ወሬም እንደዚያው ነው።»

«ኦኬ» አለ ረጋ ብሎ። «ሶ እኔ እስካሁን ምንም አላወራሁም ማለት ነው።»

ሶሊያና እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ የእናቱ ሚጥሚጣ በየሳምንቱ ማለቅ ጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ብዙ አያወሩም። አንድ ቁራሽ ሻይ አሥር ጊዜ ውሃ ይሸከማል፤ በሦስተኛው ይጠቁራል፣ በስድስተኛው ይጣፍጣል፣ በዘጠነኛው ይሳሳል። እነሱም እያንዳንዱን በዝምታ ይጠብቁታል። አንዳንዴ ስኒ ስታቀብለው ጣቶቿ ጣቶቹ ላይ ትንሽ ይቆያሉ፤ ማናቸውም የስኒው ሙቀት ነው አይሉም፣ አይደለምም አይሉም።

ከመተዋወቃቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ሶሊያና ያላትን ጥሪት ሁሉ አውጥታ የአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሰባት ጥፍጥፎች ገዝታ ነበር። በደረቅ የቀርከሃ ቅርፊት ታስረው በሱቁ ጓዳ ተቀምጠዋል። ሚስ ሊን ቃል ገብተውላት ነበር፤ በመጪው ጥቅምት የሻይ ገዢዎች ለቅምሻ ሲሰበሰቡ ታቀርበዋለች፣ ሻይዋ ከተወደደላት በሳቸው ሱቅ የራሷ ጠረጴዛ ይኖራታል። ከሚዛኑ ወርዳ ሻይ አዋቂ ተብላ ልትቀመጥ ነው። ሌሊት እንኳ የምታልመው ያንን ጠረጴዛ ነበር።

ለቅምሻው አንድ ወር ሲቀረው የመጀመሪያውን ጥፍጥፍ ፈታች። ከሷ ቀጥሎ የሚቀምሰው ዮአብ እንዲሆን ፈልጋ ነው፤ ለምን እንደፈለገች ለራሷም አልነገረችም።

ሻዩ ጥቁር ቀይ ሆኖ ወረደ። ዮአብ አንዴ ፉት አለ። ደገመ። ዝም አለ። ይህ ዝምታ ግን የለመደችው አልነበረም።

«ምነው?»

«ጥሩ ነው።»

«እንደሱ አትበለኝ። የተሰማህን ንገረኝ።»

ስኒውን አስቀመጠ። «ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል፣ ሶሊ።»

አይልም አለች። ይላል አላት። እሱ ሥራ ላይ ትንሽ እንግዳ ሽታ ካመለጠው አደጋ እንደሚመጣ፣ ለዚያ ሲል አፍንጫውን እንደሚያምን በትሕትና ሊያስረዳት ሞከረ። ትሕትናው ባሰባት።

«ቀኑን ሙሉ ቤንዚን ሲያሸት የሚውል አፍንጫ፣ እኔን ሻይ ሊያስተምረኝ ነው?»

ዮአብ ተነሣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «ንገረኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ» ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ አልመጣም። የሚቀጥለውም ቅዳሜ አልመጣም።

እልህ ይዟት እትዬ ሠናይትን «እስቲ ይቅመሱልኝ» አለቻቸው። ቀመሱ። «ምን ኮረሪማ አለው? ይሄ የሚሸተው ኩበት ነው» አሉ። ሶሊያና ለአፍታ ቀለላት። ወዲያው ግን የእትዬን እጅ አየች። እስከ ክርናቸው በርበሬ ለብሷል። ሃያ ዓመት ኮረሪማ ሲፈለፍሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ኮረሪማ ከየት መጥቶ ይሸታቸዋል? እሷስ? ፑ-ኤር አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ እየሳበ እንደሚኖር ለገዢ ሁሉ ስትናገር ኖራ፣ የራሷን ሻይ ያስቀመጠችው የት ነው?

የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቀች። እትዬ ምን እንዳመማት ቢጠይቋት «አፍንጫዬን» አለች።

ልብሷን ሁሉ አጠበች፣ ፀጉሯንም ሁለቴ። ከዚያ ከሻዩ አንድ ቁራሽ ይዛ ሆሊውድ ወዳለችው ጓደኛዋ ወደ ኤማ ሄደች። ኤማ ሆቴል ስለምትሠራ እዚያው ነው የምትበላው፤ ምድጃዋ ድስት አይቶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሶሊያና ውሃ አፍልታ ሻዩ ላይ አደረገችና የማፍያውን ክዳን ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው ኮረሪማ ነው። ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድ መጣ። ሻዩ ከሁለቱ ኋላ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ እንደሚናገር ሰው ይሰማል።

አላለቀሰችም። ሶሊያና ለሻይ አታለቅስም። ያለቀሰችው ስለዚያ ስለ ቤንዚኑ ንግግሯ ነው።

ዝም ብትል ከገዢዎቹ ግማሹ ላይነቃ ይችል ነበር። እሷ ግን ጥቅምትን ሳትጠብቅ ሰንበት ጠዋት ሻይዋን ተሸክማ ሚስ ሊን ዘንድ ሄዳ፣ የት አስቀምጣው እንደኖረች ነገረቻቸው። አሮጊቷ አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሻዩ አልሞተም አሏት። ንጹሕ አየር ያለበት፣ ምንም ሽታ የሌለበት ቦታ ከተቀመጠ በዓመታት ውስጥ ኮረሪማው ይለቀው ይሆናል። ጠረጴዛው ግን ዘንድሮ ለሌላ ሰው ነው። ሶሊያና አልተከራከረችም።

ከዚያ መኪናዋን ዮአብ ከእናቱ ጋር ወደሚኖርበት ወደ ቶራንስ አዞረች። መንገዱን ሙሉ «ይቅርታ» የምትልበትን አረፍተ ነገር ስታሳምር ሄደች። ዮአብ በሩን ሲከፍት ግን አንዱም አልወጣላትም።

«ኮረሪማ ነው» አለች። ከዚያ አገጯን ቀና አደረገች። «ጥቁር አዝሙድም አለበት። እሱ አምልጦሃል።»

ዮአብ በሩ መቃን ላይ ተደገፈ።

«አላመለጠኝም» አለ። «በአንዱ ብቻ ተባረርኩ። ሁለተኛውን ብጨምርማ ምን ልትዪኝ ነበር?»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «ያን ቀን ያልኩህን ባልልህ ኖሮ ጥሩ ነበር።»

ከሶሊያና አፍ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ወጥቶ አያውቅም። ዮአብም ያወቀው መሰለ፤ ዓይኑን ሳይነቅል ራሱን ነቀነቀ። ሻዩ ምን ሊሆን እንደሆነ ጠየቃት። ሽታ የሌለበት ቦታ እንደሚፈልግ ነገረችው። ከውስጥ የእናቱ ወጥ እየተቁላላ ሽታው በር ድረስ ይመጣል፤ ዘወር ብሎ አሰበ።

«ጋራዡ ዘይት ይሸታል። ፎቅ ላይ የኔ ቁም ሳጥን አለ፤ ልብሴን አወጣለሁ። ለምን ያህል ጊዜ ነው?»

«ሦስት ዓመት። ምናልባት አምስት።»

«ሶ እየመጣሽ ታይዋለሽ ማለት ነው።»

«በየሳምንቱ መታየት አለበት» አለች።

ውሸቷን ነው። ያረጀ ፑ-ኤር ባይነኩት፣ ጭራሽ ቢረሱት ነው የሚወደው። ዮአብ ይህን ይወቅ አይወቅ አልታወቀም። ብቻ ጥቅሉን ከእጇ ተቀብሎ በሩን በትከሻው ሰፋ አድርጎ ከፈተው።

«ማነው?» አሉ እናቱ ከውስጥ።

«ሶሊያና ናት» አለ።

እናቱም የቷ ሶሊያና ብለው አልጠየቁም።