የእሑድ አሥር ሰዓት ስልክ

ጻካኔ ሎኬሽን በሚሉት የደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲ መቆሚያው ዝቅ ብሎ፣ ፊቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። ባለቤቱ ሀቢሶ ይባላል። ከሆሳዕና ወጥቶ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ ደቡብ አፍሪካ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከሚስቱ ከበለጥሽና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ይኖራል። ትልቋ ፅናት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትንሿ ቤዛ አሥር። ሀብታሞች አልነበሩም። ነገር ግን እሑድ ከቸርች መልስ አራቱም ከአንድ ትሪ የሚበሉ፣ አንዱ ሲስቅ ሌላው ምክንያቱን ሳያውቅ አብሮ የሚስቅ ቤተሰብ ነበሩ። ምነው እንዲህ ያለ ቤት እንዳማረበት ቢዘልቅ! አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሀቢሶ ግትር ሰው ነበር። ልቡ ቅቤ ነው፤ አፉ ግን ልቡ ያዘዘውን ለመናገር ሁለት ወር ይፈጅበታል።

ፅናት በትምህርት ቤቷ ተወዳድራ ኖርዌይ ሄዳ አንድ ዓመት እንድትማር ተመረጠች። እዚያ አንድ ቤተሰብ እንደ ልጁ ተቀብሎ ያኖራታል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ትመለሳለች። በለጥሽ እልል አለች። ቤዛ አልጋ ላይ ዘለለች። ሀቢሶ ግን የያዘውን የስኳር ከረጢት መሬት አስቀመጠ።

«እኔም ስወጣ ለአንድ ዓመት ነው ያልኩት» አለ። «አባቴ ሲቀበር ማን ነገረኝ? ‹ሰው አገር ነው፣ አትንገሩት› ተባብለው ስምንት ወር ደበቁኝ። እኔ ለሞተ ሰው ሰላምታ እልክ ነበር!»

በእነሱ ቤት መንገደኛ ሳይባረክ አይወጣም። የሚሄደው ይንበረከካል፤ አባት ቀኝ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ይጸልይለታል። በነሐሴ ወር፣ በመሄጃዋ ጠዋት ፅናት ሱቁ ውስጥ በዳቦ ሣጥኖቹ መካከል ተንበረከከች። ሀቢሶ ዳቦውን መደርደሩን አላቋረጠም። አንዱን አነሳ፤ አስቀመጠ፤ ሌላውን አነሳ... «መኪናው እየጠበቀሽ ነው» አላት ፊቱን ሳያዞር። ልጅቷ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ ጉልበቷን አራግፋ ተነሳችና ወጣች። አወይ ግትርነት! አንዲት እጅ ማንሳት ምን ያህል ይከብዳል? መኪናው ከታጠፈ በኋላ ሀቢሶ ዳቦ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ደንበኞቹም ምን እንደነካው ግራ ገብቷቸው ሳይገዙ ተመለሱ።

ፅናት እሑድ እሑድ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ትደውል ነበር። ስልኩ ሲጮህ ሀቢሶ ተነስቶ ወደ ሱቁ ይወጣል። እንዲህ ሁለት ወር አለፈ። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ግን በለጥሽን ጠራትና «ነገ እኔ ነኝ የማናግራት። በስልክም ቢሆን እባርካታለሁ» አላት። ግራጫ ኮቱንም እንድትተኩስለት አዘዘ። ሰው በስልክ ለማውራት ኮት ያስተኩሳል? ሀቢሶ አስተኮሰ! በማግስቱ ጠዋት፣ ኮቱ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ፣ ወተት ሊያወጣ ፍሪጁን ሲከፍት ዓይኑ ጨለመበትና ወደቀ። ሐኪሞቹ የደም ግፊት ያመጣው ስትሮክ ነው አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ፣ ምላሱ ታስሮ ነበር። ጆሮው ግን አንድም ነገር አልጎደለበትም። ልቡም እንዲሁ። ለመናገር ተዘጋጅቶ ሳለ አፉን የተዘጋ ሰው... ከዚህ የከፋ እስር ቤት ይኖር ይሆን?

ወንድም ማናሴ የቸርቻቸው ሽማግሌ ነው። ዳቬይተን በሚባለው ሌላ ሎኬሽን ሱቅ አለው፤ የቤተሰቡ ምክር ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። «በለጥሽ እህቴ፣ ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትይ» አላት። «ብቻዋን ናት፤ ማን ይይዛታል? ዓመቱ ሲያልቅ ስትመጣ እኛ ባለንበት ትሰማለች።» ሀቢሶ አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ሰማ። ግራ እጁን አንስቶ አወዛወዘ፤ እንቢ ማለቱ ነበር። ሰዎቹ ግን ውሃ የጠማው መስሏቸው ውሃ አጠጡት።

እሑድ ሲደርስ ቤዛ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አባቷ ትራስ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ በለጥሽ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታወራለች። «አባዬስ?» ትላለች ፅናት። «ሱቅ ነው፤ ሰው በዝቶበታል።» በሚቀጥለው ሳምንት «ሸቀጥ ሊያመጣ ሄዷል።» በሚቀጥለው «ስብሰባ አለው።» ፅናትም በየሳምንቱ ትነግራቸዋለች፦ በረዶው ጉልበቷ ድረስ እንደሚደርስ፣ በክረምቱ ፀሐይ ጨርሶ የማትወጣበት ጊዜ እንዳለ፣ የምታኖራት ሴትዮ ኢንግሪድ የሱፍ ሹራብ መሥራት እንደምታስተምራት። አንድ ቀን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማሚ፣ ለአባዬ ጓንት እየሠራሁለት ነው። ጠዋት ፍሪጅ ሲከፍት ጣቶቹ ይደርቃሉ አይደል? የቀኙን ጨርሻለሁ። ፕሊስ እንዳትነግሪው፣ ሰርፕራይዝ ነው» አለች። ስልኩ ከሀቢሶ ጆሮ አንድ ስንዝር አይርቅም። ብርድ ልብሱ ላይ የተዘረጋውን፣ የእሱ አልሆን ያለውን ቀኝ እጁን ዝቅ ብሎ አየው። እንባው በጉንጩ ወርዶ ትራሱን አራሰው፤ በለጥሽ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለትና «እሺ የኔ ልጅ፣ አልነግረውም» አለች።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። በለጥሽ ሱቅ ትከፍታለች፤ በመሃል ሮጣ ገብታ ባሏን ታገላብጣለች፤ ታጥበዋለች፤ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣዋለች፤ ተመልሳ ለደንበኛ ዳቦ ትሰጣለች። ያች ሴት መቼ ተቀምጣ አለቀሰች? ጊዜ አልነበራትም!

ዓመቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ በግንቦት አንድ እሑድ፣ ፅናት ሌላ ነገር ይዛ ደወለች። ኢንግሪድና ባሏ ሌላ ሁለት ዓመት እዚያው ቆይታ ትምህርቷን እንድትጨርስ ሊያኖሯት ፈቅደዋል። ትምህርት ቤቱም ተቀብሏታል። መልስ መስጠት ያለባት በዚያው ሳምንት ነው።

«ማሚ፣ እኔ መምጣት ነው የምፈልገው» አለች። «ግን አባዬ ዘጠኝ ወር አላናገረኝም። ሳይባርከኝ ነው የወጣሁት። አይ ኖው፣ ተቀይሞኛል። ድምፁን ብቻ ያሰማኝ። ይቆጣኝ ከፈለገ! ድምፁን ከሰማሁ እመጣለሁ።»

ሀቢሶ ሰማ። ደም ሥሩ አንገቱ ላይ ተገተረ። በግራ ክንዱ ተደግፎ ከትራሱ ትንሽ ቀና አለ፤ ያለ የሌለ ኃይሉን ሰብስቦ ከደረቱ ጥልቅ አንድ ድምፅ አወጣ። «ኧኧኧ... ኧኧ...» ሻካራ፣ የተጎተተ፣ ቃል ያልሆነ ድምፅ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለች ፅናት ደንግጣ።

በዚያች ቅጽበት በበለጥሽ ልብ ውስጥ ስንቱ ነገር ተመላለሰ! እውነቱን ብትነግራት ልጅቷ ሁሉን ጥላ ትመጣለች። መጥታ ምን ታገኛለች? ሽባ አባት፣ መደርደሪያው እየሳሳ የሄደ ሱቅ፣ ከፍርግርግ ጀርባ መቆም። ትቅር፤ እዚያ ትማር፤ አንዳችን እንኳ እንዳን... እናት ናትና ይህን አሰበች።

«የጎረቤት ውሻ ነው» አለች።

 ከወዲያ ማዶ የፅናት ድምፅ ቀዝቅዞ መጣ። «እሺ። ንገሪው እንግዲህ። እሱ ካልፈለገኝ፣ እኔም ያለ አባት መኖር ለምጃለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

በለጥሽ አልጋው ግርጌ ወደቀችና የባሏን እግር አቅፋ ጮኸች። «የፅናት አባት፣ ይቅር በለኝ! ለእሷ ብዬ ነው! አፌን ይቁረጠው፣ ይቅር በለኝ!» ሀቢሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሃያ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ውሻ ስትለው ሰምቷል፤ ልጁም ያለ አባት መኖር ለምጃለሁ ስትል ሰምቷል። የትኛው የበለጠ እንዳመመው ማን ጠይቆ ይረዳዋል? ከማግስቱ ጀምሮ አጥሚቱን እንቢ አለ። ማንኪያው ሲቀርብ ጥርሱን ይገጥማል።

በአራተኛው ቀን በለጥሽ ማናሴን ሳታማክር ደወለች። «ፅናቴ፣ አባትሽ ትንሽ አሞታል። ነይ» አለቻት። ትንሽ! ያን ጊዜ እንኳ ሙሉውን እውነት ለመናገር አንደበቷ እምቢ አላት። ፅናት «እኔ ባልኩት ነው?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። በዚያው ቀን ትምህርቱንም ሁለቱንም ዓመት ትታ ቲኬቷን አስቀደመች። ኢንግሪድ ሻንጣዋን አብራት እያዘጋጀች ስታለቅስ ነበር አሉ።

«እየመጣች ነው» ሲሉት ሀቢሶ አፉን ለማንኪያው ከፈተ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ቤዛ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በግራ እጁ ይጠራታል፤ አልጋው አጠገብ ያንበረክካታል። በግራ እጁ ቀኝ እጁን አንስቶ አናቷ ላይ ያስቀምጠዋል። እጁ ይንሸራተታል። እንደገና ያነሳዋል፤ እንደገና ይወድቃል። «ቀስ በል አባዬ፣ እኔ አልቸኩልም» ትለዋለች ቤዛ፣ ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ እያመማት። ቅዳሜ ከሰዓት እጁ ሳይወድቅ ቆየ። ቤዛ ቆጠረች፤ ሰባት ድረስ ደረሰች። ያን ዕለት ሀቢሶ በግማሽ ፊቱ ሳቀ። በለጥሽም ግራጫውን ኮት እንደገና ተኩሳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው። እሑድ ሲነጋ፣ የፅናት አውሮፕላን ገና አየር ላይ ሳለ፣ በለጥሽ ፊቱን ልታጥበው ስትጠጋ ትንፋሹ ቆሟል። ምነው አምላኬ፣ ስድስት ሰዓት ብቻ! ስድስት ሰዓት ምን ነበረበት?

ኤርፖርት የተቀበላት ወንድም ማናሴ ነው። «አባዬስ?» አለችው ገና ሻንጣዋን ሳታወርድ። «ደህና ነው፤ ይጠብቅሻል» አላት ዓይኗን ሳያይ። መኪናው ውስጥ የሱፍ ጓንቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቹን እያስተካከለች ተቀመጠች። ሰፈሩ ሲደርሱ የሱቁ በር ተዘግቷል፤ ደንበኞቹ ቆባቸውን አውልቀው ፍርግርጉ ሥር ቆመዋል፤ ከጀርባ ድንኳን ተጥሏል። ማናሴ «ጠንከር በይ ልጄ...» ብሎ ሲጀምር ከመኪናው ወርዳ ሮጣለች።

አስከሬኑን ወስደውት ነበር። የቀረው አልጋው፣ ትራሱና ሚስማር ላይ የተሰቀለው ኮት ነው። ጩኸቷን ሰምቶ ያላለቀሰ አልነበረም፤ እነዚያ ቋንቋዋን የማያውቁት ጎረቤቶች እንኳ አለቀሱ። ሲደክማት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ቤዛ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለችና ሁሉን ነገረቻት፤ መውደቁን፣ ምላሱ መታሰሩን፣ እጁን መለማመዱን።

«ቶክ ስታደርጊ ሁሌ ይሰማሽ ነበር እኮ። ስልኩ እዚህ ጋ ነበር» ብላ ትራሱን መታ መታ አደረገች። «ድምፁንም አሰምቶሻል። ማሚ ውሻ ነው ያለችሽ... እሱ ነው።»

ፅናት እናቷን አየቻት። በለጥሽ ጥቁር ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ምንጣፉ ላይ ተኮራምታለች፤ ቀና ለማለት አቅም አልነበራትም።

«ሰምቼው ነበር» አለች ፅናት በሹክሹክታ። «ድምፁን ከሰማሁ እመጣለሁ አልኩ... ሰምቼው ዘጋሁበት።»

ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ አናቷን እናቷ ጭን ላይ ጣለች። ማን ማንን ይውቀስ? ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ለመወቃቀስ እንኳ ጉልበት አልቀራቸውም።

አስከሬኑ ወደ ሆሳዕና ሲላክ የቀኙ ጓንት በቀኝ እጁ ላይ ተደርጎ ነበር። የግራው ከፅናት ጋር ቀረ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ። አባት ስለወደደ ኮረፈ፤ እናት ስለወደደች ዋሸች፤ ሽማግሌው ስላዘነ ደበቀ። ዕድል የሚባለው ነገር ክፉ ሰው እንኳ ሳያስፈልገው ቤት ያፈርሳል፤ እኛም እጃችንን አጣምረን ከማየት በቀር የምናደርገው የለንም።

በቀጣዩ እሑድ አሥር ሰዓት ሲሆን ፅናት አልጋው አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስለ በረዶው፣ ስለ ኢንግሪድ፣ ያ ጓንት ስንት ጊዜ እንደተተረተረ ለባዶው ትራስ ታወራ ጀመር። ያን ሁሉ ወራት አባቷ የለም ብላ ስታወራ እሱ አንድም ቃል ሳያመልጠው ይሰማት ነበር። አሁን ይሰማኛል ብላ ታወራለች። ከውጭ አንድ ደንበኛ ፍርግርጉን በሳንቲም ይመታል፤ ዳቦ ፈልጎ ነው። ቤዛ ልትሸጥለት ተነሳች።