ሳይሞት ድረሱልኝ

ስኳር በቀበሌ ሰልፍ በሚገኝበት በዚያ በደርግ ዘመን፣ ድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ሃሊሞ የምትባል ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ምላሷ ስለት፣ ልቧ ግን ቅቤ! ባሏ ሮብሌ የባቡር ጣቢያ ወዛደር ነው። እሱን ሳል ሲይዘው እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት።

«ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ የመንግሥት እኮ ነፃ ነው» አላት።

«ነፃ ነገር ደግሞ ምን ያድናል! ባሌን ከደሃ ጋር አላሰልፍም» አለችና ከዚራ ሰፈር ወዳለ የግል መርፌ ወጊ ወሰደችው። ክፋት የለባትም፤ ለሚወዱት ሰው ገንዘብ ካላወጡለት የወደዱት አይመስላትም። ሮብሌ ጥቂት ተወግቶ ሲሻለው ይተዋል፤ ሳሉ ሲመለስ ደግሞ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ ሲል ሱቋም ተራቆተ፣ እሱም መነመነ።

አንድ ቀን የሰፈሩ አፎሻ ሴቶች ሊጠይቁት መጡ። አፎሻ እንደ እድር ነው፤ ጎረቤት በየወሩ አዋጥቶ የሞተውን ይቀብርበታል። መሪያቸው፣ ትልቅ ትንሹ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ቱሪያ፣ ሲወጡ ሃሊሞን በር ላይ አቀፏት።

«አይዞሽ ልጄ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የመጣ ቢመጣ ከፈኑም ድንኳኑም ዝግጁ ነው።»

ማጽናናታቸው ነበር። የሃሊሞ ዕንባ ግን ዱብ ዱብ አለ።

«ወላሂ ኤዶ፣ ከፈን አልፈልግም! የምፈልገው እሱን ነው። ሲሞት የምትደርሱልኝ፣ ሳይሞት ብትደርሱልኝ ምን አለበት?»

ቱሪያ ክው አሉ። አፎሻ ሲመሩ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው የለም።

«እውነትሽን ነው፤ ጥፋቱ የኛ ነው» አሉ። «ግን አንቺስ ጤና ጣቢያውን ለምን ናቅሽው? የእህቴ ልጅ የዳነችው እዚያ አይደል? በይ ነገ ተነሺ!»

በማግስቱ ሐኪሙ ሮብሌን መርምሮ «የሳምባ ነቀርሳ ነው» አለ። «መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ የተሻለው ቢመስለውም እንዳያቋርጥ። በሽታው የበረታው ሕክምናውን እየጀመራችሁ ስለተዋችሁት ነው።» ሃሊሞ አንገቷን ደፋች።

መድኃኒቱስ ነፃ ነው፤ የጋሪው ኪራይ፣ ወተቱ፣ ከሥራ መቅረቱ ግን ነፃ አይደለም። ይህን አፎሻው ቻለው። አንዷ በጠዋት ወረፋ ትይዛለች፣ አንዷ ወተት ታመጣለች፣ ሌላዋ ሱቅ ትጠብቃለች። ሃሊሞም የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከሰው ጋር ተጠጋግታ መጫወት ለመደች፤ የታማሚውን ሁሉ የልጅ ስም እስከ ማወቅ ደረሰች።

ወራት አልፈው ሐኪሙ «ድነሃል፣ ጨርሰሃል» ሲለው፣ ሃሊሞ ይሉኝታዋን ረስታ በባሏ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ያ ሁሉ ወረፋ ጠባቂ እየተነሳ እልል አለላት።

ወገኖቼ፣ የመንግሥት ሕክምና ነፃ ነው ብለን አንናቀው፤ ነፃ ነው ብለንም በሽተኛውን ለብቻው አንተወው። ለቀብራችን የምናዋጣ ሰዎች ለመዳናችን ማዋጣት እንዴት ያቅተናል? በሚቀጥለው የአፎሻ ስብሰባ ሃሊሞ ይህንኑ ጠየቀች። የመጀመሪያውን መዋጮም ራሷ አስቀመጠች፤ ገና ላልታወቀው ለሚቀጥለው ታማሚ።